በነፍሳት መካከል የሚተላለፍ አርኤንኤ ምንድን ነው?

በአዳማ ዙሪያ፣ በወንጂና በቆቃ ቲማቲም የሚያለማ ሰው ቱታ አብሶሉታ የተባለችውን የቲማቲም ተባይ የእሳት ራት በደንብ ያውቃታል። እጯ በቅጠሉ የላይና የታች ሽፋን መካከል ገብታ ለስላሳውን ክፍል ትበላለች፤ ቅጠሉን ወደ ፀሐይ ቢያነሱት የነጣው መንገዷና ጥቁር ኩሷ ይታያል። የተረጨ መድኃኒት እዚያ ውስጥ በቀላሉ ስለማያገኛት ርጭቱ ይደጋገማል፣ ተባዩም ይለምደዋል። በአርኤንኤ የሚሠራ አዲስ ዓይነት ፀረ-ተባይ ስላለ፣ ስለ አርኤንኤ ማወቅ የሚያስፈልገን ለዚህ ነው።

አርኤንኤ በሕዋስ ውስጥ የሚገኝ፣ እንደ ፊደል ከተደረደሩ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ሰንሰለት ነው፤ መልእክተኛ የሚባለው ዓይነት የዘረመልን ትእዛዝ ፕሮቲን ወደሚሠራበት የሕዋስ ክፍል ያደርሳል። አርኤንኤ ሁለት ሰንሰለት ተጣምሮ ድርብ ሆኖ ሲገኝ ግን ዳይሰር የተባለ ኢንዛይም 21 ፊደል ገደማ ወዳላቸው ቁርጥራጮች ይከትፈዋል፤ እነሱም የሚገጥማቸውን መልእክተኛ አርኤንኤ ያስበጥሳሉ። ትእዛዙ ስለማይደርስ ፕሮቲኑ አይሠራም። አንድሩ ፋየርና ክሬግ ሜሎ ይህን በ1998 እ.ኤ.አ. በትል ላይ አሳይተው በ2006 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል።

እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ የንብ ነገር ነው። ሠራተኛ ንቦች የበሉት ድርብ አርኤንኤ ለእጮች በሚመግቡት ወተት መሰል ምግብ አማካኝነት ወደ ቀጣዩ ትውልድ ይተላለፋል። ቫይረስን የመከላከል አቅምም በዚሁ መንገድ እንደሚጋሩ ይታሰባል።

ነፍሳት አርኤንኤን በምግብ የሚቀበሉ ከሆነ፣ ተባዩ ያለሱ መኖር የማይችለውን ዘረመል የሚያፍን አርኤንኤ ቅጠል ላይ መርጨት ይቻላል። አሜሪካ ሌድፕሮና የተባለውን እንዲህ ያለ ርጭት ለኮሎራዶ ድንች ጥንዚዛ ፈቅዳለች። ጥንዚዛው የተረጨውን ቅጠል ሲበላ የተበላሹ ፕሮቲኖችን ማስወገድ ያቅተውና መብላት አቁሞ ይሞታል። ትልቁ ጥቅሙ የአርኤንኤውን ፊደል ለአንዱ ተባይ ብቻ እንዲገጥም አድርጎ መምረጥ መቻሉ ነው፤ ንብን የማይነካ ፀረ-ተባይ ደግሞ የአትክልት አምራች ሁሉ ምኞት ነው።

ችግሩ ቱታም ሆነች የአሜሪካ መጤ ተምች የእሳት ራት ወገን መሆናቸው ነው። በጥንዚዛ ላይ የሠራው በእነዚህ ላይ ይደክማል፤ የአንጀታቸው ኢንዛይም አርኤንኤውን ቶሎ ያፈርሰዋል፣ የተረፈውም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ በከረጢት ታስሮ ይቀራል። ስለዚህ ተመራማሪዎች በደቃቅ ቅንጣት ሸፍነው ለማስገባት፣ ወይም ተክሉ ራሱ እንዲያመርተው ለማድረግ እየሞከሩ ነው። በቤተ ሙከራ የአርኤንኤ ርጭቱን የተለማመዱ ጥንዚዛዎችም ስለታዩ፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር ሳይፈራረቅ ብቻውን የሚረጭ አይደለም። በእኔ እምነት የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ለአዳማ ቅርብ መሆኑ ሥራውን በእኛው ቲማቲም ላይ ለመፈተሽ ትልቅ ዕድል ነው። እስከዚያው የወንዱን ራት በሴቷ ሽታ የሚስበው ወጥመድ፣ የተበላ ቅጠልና ፍሬ ለቅሞ መቅበር፣ ከምርት በኋላ ግንዱን ነቅሎ ማስወገድ አይቋረጡ።