የጣና ገዳማት የግድግዳ ሥዕል፦ ቃላቱና አነባበቡ

በዘጌና በጣና ደሴቶች ባሉት ክብ አብያተ ክርስቲያናት የግድግዳ ሥዕል የሚበዛው በመቅደሱ ውጫዊ ግድግዳ ላይ ነው። ከደጅ ሲገቡ መጀመሪያ ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ መካከል ላይ ደግሞ ታቦቱ ያለበት አራት ማዕዘን መቅደስ አለ። ስለዚህ ሥዕሉ የሚታየው እየዞሩ ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ተጉዘው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ወይም አዝዋ ማርያም የሚደርሱ ጎብኚዎች ብዙ ጊዜ አንዱን ግድግዳ ብቻ አይተው ይመለሳሉ። ያልዞረ ሰው ግን ሥዕሉን አየ አይባልም።

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት የዓይን ነገር ነው። ጻድቅ ሁለቱም ዓይኖቹ እንዲታዩ ሆኖ ይሣላል፤ ይሁዳ፣ ሰይጣን፣ የሰማዕታት ገራፊዎች ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ሰዓሊው የፊት አሣሣል ሳይችል ቀርቶ አይደለም፤ ፍርዱን የሰጠው በዚህ ነው። በሥዕሉ አጠገብ «ዘከመ» ብሎ የሚጀምር የግእዝ ጽሑፍ ካለ ደግሞ የታሪኩ መግለጫ ነው፦ «ዘከመ ተሰቅለ» ማለት «እንደተሰቀለ» ነው።

ምስለ ፍቁር ወልዳ የሚባለው እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የምትታይበት ሥዕል ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ካመጡት የሮማ ሥዕል ቅጂ በኋላ አንድ መልክ በሰፊው ተለመደ፦ እጆቿ ይደራረባሉ፣ መሐረብ ትይዛለች፣ የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ወደታች ይዘረጋሉ፣ ሕፃኑ መጽሐፍ ይይዛል። ሰይፍ የመዘዙት ሚካኤልና ገብርኤል በግራ በቀኝ ይቆማሉ። የእመቤታችን ሥዕል ግን ከዚያ ይቀድማል፤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1434–1468) የሠራው ፍሬ ጽዮን ስሙን የጻፈበት የእንጨት ሥዕል በጣናው ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል።

ተማኅፃኒ ሥዕሉን ያሠራው ሰው ነው፤ ከግርጌ ተደፍቶ ወይም ተንበርክኮ ይታያል። በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ተሥላለች።

በጎንደር ዘመን የተለመዱት የአሣሣል ስልቶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው የጎንደር ስልት በደማቅ ያልተደበላለቀ ቀለምና በትይዩ መስመር በተሣለ የልብስ እጥፋት ይለያል። በምንትዋብና በልጇ በዳግማዊ ኢያሱ (እ.ኤ.አ. 1730–1755) ዘመን የጎለመሰው ሁለተኛው ስልት ፊትን በጥላ ያለሰልሳል፣ ልብሱን በአበባ ያስጌጣል፣ ከበስተጀርባ ያለውን ቀለም ከአንዱ ወደ ሌላው እያሸጋገረ ይቀባል። ሁለቱን ለመለየት ጉንጭንና የጀርባውን ቀለም ማየት ይበቃል።

አሠራሩን ማወቅ ጉዳቱንም ለመረዳት ይረዳል። ግድግዳው ጭድ በገባበት ጭቃ ይለሰናል፤ ብዙ ጊዜ የጥጥ ሸማ በሙጫ ይለጠፍበትና ንድፉ ይወጣል፣ ቀለሙ ይሞላል፣ በመጨረሻ ጥቁሩ የዳር መስመር ይሰመራል። ቀለሙ የሚቀባው በደረቅ ገጽ ላይ ስለሆነ ግድግዳው ውስጥ አይሰርግም። ጣሪያው ሲያፈስ ወይም እርጥበት ከመሠረቱ ሲወጣ ሙጫው ይላላል፤ ሸማው ያብጥና ከነሥዕሉ ይላቀቃል። የታችኛው ረድፍ በትከሻና በእጅ መነካካት ይፋቃል፣ የሻማና የዕጣን ጢስም ላዩን ያጠቁረዋል። የተላቀቀን ጠርዝ በእጅ መጫን ወይም በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ የቀረውን ቀለም ያነሣል። ከሁሉ የከፋው ግን «እድሳት» ተብሎ በዘይት ቀለም ላዩ ላይ እንደገና መቀባት ነው፤ የድሮው መስመር ከዚያ በኋላ አይመለስም። በሥዕሉ ፊት መጋረጃ የሚሰቀለው ለአክብሮት ቢሆንም ከብርሃንም ይጠብቃል፤ ካህኑ ሲገልጠው ያለ ፍላሽ ማየት፣ ሲጨርሱም እንዲመልሰው መጠየቅ ተገቢ ነው።

ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴቶችን አያስገቡም፤ ዑራ፣ አዝዋና ናርጋ ግን ለሁሉም ክፍት ናቸው።