ከደብረ ብርሃን ብርድ ወደ ዱባይ ሙቀት፦ በክረምት ከቤተሰብ ጋር ለሚሄዱ

እህቴ ዱባይ መሥራት ከጀመረች ቆይታለች። «ልጆቹን ይዛችሁ ኑ» ስትል ስትል አንድ ክረምት እውነትም ሄድን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቻችንና አማቴ። ዘጠኝ ቀን ቆየን። ከዚያ ወዲህ እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ በሰፈራችን በጠባሴ አካባቢ ለሚያውቀኝ ሁሉ የዱባይ አማካሪ ሆኜ ቀረሁ። ሐምሌ ሲቃረብ አንዱ ቡና ጠጣ ብሎ ይጠራኛል። ሰው ጠያቂ ሆኖ ይመጣና ራሱ መላሽ ይሆናል። አልፈርድም፤ ከታች በየርዕሱ ካስቀመጥኳቸው አባባሎች አብዛኛውን እኔም አምኜው ነበር።

«ክረምት እኮ ነው፣ እዚያም ይቀዘቅዛል»

ክረምት ሲባል እኛ የምናስበው ጭጋጉን፣ ጭቃውንና ካፖርቱን ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐምሌ ላይ ቀኑ 20 ዲግሪ ከነካ «ዛሬስ ፀሐይ ወጣች» ይባላል። ዱባይ ላይ ግን ሐምሌና ነሐሴ የሙቀቱ ጣሪያ ናቸው። ቀን ቀን በአማካይ 41 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሌሊቱም ከ30 ብዙ አይወርድም።

ዱባይ የምታምረው እኛ ጋ ውርጭ ገብሱን በሚያቃጥልበት ጊዜ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት። ያኔ ግን ልጆች ትምህርት ላይ ናቸው። ስለዚህ በክረምት መሄዳችን አይቀርም፤ ምን እንደሚጠብቀን አውቀን እንሂድ።

«ሸዋ ሮቢትን የቻለ ዱባይ አያቅተውም»

ይሄ የራሴ ነበር። ቁልቁለቱን የማያውቅ የለም። ጣርማ በር ላይ በብርድ ተኮማትረህ ትወርዳለህ። ደብረ ሲና ቆሎ ስትገዛ ሹራቡ ይወልቃል። ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ሸሚዝህ ጀርባህ ላይ ተለጥፏል። ለሥራ እየተመላለስኩ ስለለመድኩት «ሙቀት እኔን አያስፈራኝም» እል ነበር።

ልዩነቱ እርጥበቱ ነው። ሰውነታችን የሚቀዘቅዘው ላቡ ከቆዳችን ላይ ሲተን ነው። ዱባይ ባሕር ዳር ናት፤ በክረምታችን አየሩ ውሃ ያዘለ ነው። ላቡ ይወጣል፣ ግን አይተንም። ይንጠባጠባል እንጂ አያቀዘቅዝም። ከኤርፖርቱ በር ስንወጣ የልጄ መነጽር ወዲያው በጉም ተሸፈነ። «አባ፣ ማድ ቤት ገባን እንዴ?» አለኝ። ልክ ነው፤ ክዳኑ የተነሣ የእንጀራ ምጣድ ላይ ጎንበስ እንደማለት ነው።

ሁለተኛው ልዩነት ሸዋ ሮቢት ሄጄ ማታ መመለሴ ነው። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። የዘጠኝ ቀን ጉዞ ማለት መልመድ ስትጀምር ሻንጣ መዝጋት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት በእረፍት ያዙ። ከቤት መውጫችሁ ጠዋት በማለዳና ከመሸ በኋላ ይሁን። የአገሩ መንግሥት ራሱ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከቀኑ 6:30 እስከ 9:00 ሰዓት ሠራተኛ ደጅ ፀሐይ ላይ እንዳይሠራ ይከለክላል። ለምዶ የሚኖረው ግንበኛ ጥላ ውስጥ በሚቀመጥበት ሰዓት ከመንዝ የመጣች አያት የምትዞርበት ምክንያት የለም።

«ኤሲ ያሳምማል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሳንባ ይመታል»

የእኛን አገር አውቶቡስ አስቡት። ሰው እየተጠበሰም መስኮት አይከፈትም፤ «ንፋስ ይመታኛል» ይባላል። አማቴ ይሄን እምነት ይዘው ነው የመጡት። የመጀመሪያው ሌሊት ሁላችንም ስንተኛ ተነሥተው ኤሲውን (የአየር ማቀዝቀዣውን) አጠፉት። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ትንሿ ልጅ በላብ ተነክራ እያለቀሰች ነቃች።

ጉንፋንና ሳንባ ምች የሚመጡት ከጀርም ነው፤ ከቀዝቃዛ አየር አይደለም። ኤሲው በቀጥታ ፊት ላይ እየነፈሰ ጉሮሮ ሊያደርቅ ይችላል፣ እሱ እውነት ነው። አፉን ወደ ጣሪያ ማዞር ወይም 24 ወይም 25 ዲግሪ ላይ ማድረግ ይበቃል። በዚያ ሙቀት ግን ኤሲ እንደ ቅንጦት አይታይም። ለሕፃንና ለአረጋዊ ሕይወት ነው። ቀዝቃዛ ውሃም ላብ ላይ ቢጠጣ ሳንባ አይመታም።

ውሃን ካነሳን፣ «ሲጠማን እንጠጣለን» ማለት ለእኛ አይሠራም። ደጋ ላይ ስንኖር ትንሽ ጠጥቶ መዋል ለምደናል። ልጅ ደግሞ ጨዋታ ላይ ከሆነ ጥሙን ይረሳል። ለየሰዉ አንድ አንድ ሃይላንድ አስይዙና በየጊዜው አስጎንጩ። ሽንቱ ጠቆር ካለ አልጠጣም ማለት ነው። 

«ምች ነው፣ ዳማ ከሴ ይበቃዋል»

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተው።

ፀሐይ ውሎ ያመመውን ሰው ሁሉ እኛ ምች መታው እንላለን። ዳማ ከሴ አሽተን እናሸተዋለን፣ በጋቢ ጠቅልለን እናስተኛዋለን፣ «ያልበው» እንላለን። ቤት ውስጥ ለሚያልፍ ትኩሳት ያንን ማድረግ የቆየ ልማዳችን ነው። ሙቀት የመታውን ሰው በጋቢ መጠቅለል ግን እሳት ላይ እንጨት መጨመር ነው።

መጀመሪያ ድካሙ ይመጣል። ብዙ ላብ፣ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ። ይሄን ያያችሁበትን ሰው ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ውሰዱት፣ ልብሱን አላሉለት፣ ውሃ ወይም ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) በትንሽ በትንሹ ስጡት። ኦአርኤሱን ከዚሁ ከፋርማሲ ገዝቶ መሄድ ጥሩ ነው፤ ዱቄት ስለሆነ ሻንጣ አይከብድም።

ሰውየው መቀባጠር፣ መደናገር፣ መንቀጥቀጥ ወይም ራሱን መሳት ከጀመረ ሌላ ደረጃ ነው። የሰውነቱ ሙቀት 40 ዲግሪና ከዚያ በላይ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ይሄ ይገድላል። በ998 አምቡላንስ ጥሩ። እስኪመጣ ቆማችሁ አትጠብቁ። ልብሱን አውልቃችሁ ውሃ አፍስሱበት፣ አራግቡት፣ በረዶ ካገኛችሁ አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ አድርጉ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አታድርጉ።

መኪናም አለ። «አንድ ደቂቃ ነው፣ ልጁ ተኝቷል» ብሎ መኪና ውስጥ ጥሎ ሱቅ መግባት ደብረ ብርሃን ላይ ማንም እንደ ጥፋት የማያየው ነገር ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ግን በ10 ደቂቃ ብቻ 10 ዲግሪ ያህል ሊጨምር ይችላል። ከ41 ተነሥታችሁ ደምሩት። መስኮቱን ትንሽ መክፈት አያድንም።

«ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አይነካውም»

ይነካዋል። ይከላከላል እንጂ አይዘጋም። ልጆች ትከሻቸው ላይ ሲቃጠሉ እንደ ነጭ ሰው አይቀሉም፤ ለዚህ ነው ሳናውቅ የሚያልፈው። የመከላከያ ቁጥሩ (SPF) 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ ክሬም፣ ባርኔጣ፣ ሰፊና ስስ እጀ ጉርድ ያልሆነ ጥጥ ልብስ። «ሙቅ አገር ነው» ብሎ ለልጁ ቁምጣና ካናቴራ ብቻ የሚገዛ ሰው ተሳስቷል። የሸማኔዎቻችን ስስ ጥጥ ለዚያ ፀሐይ ከናይሎን ቲሸርት ይሻላል።

«ባሕሩ ያቀዘቅዛል»

ነሐሴ ላይ የባሕሩ ውሃ ራሱ ከ30 ዲግሪ በላይ ነው። ለገላ ያሞቃችሁት ውሃ በሉት። ለመዋኘት የማታ መብራት የተተከለላቸው የባሕር ዳርቻዎች አሉ፤ ልጆቹን እዚያ ውሰዱ። የደጋ ልጅ ዋና ስለማይችል ዓይን አይነቀልበትም።

«ፍልሰታ ላይ ሄደን ምን እንበላለን?»

እኛ የገባነው ሐምሌ 29 ነው። በሦስተኛው ቀን ፍልሰታ ገባ። አማቴ በዚህ ብቻ ጉዞውን ሊተዉት ነበር። በሶና ድርቆሽ ሻንጣ ሞልተው መጡ። ሳይነካ ግማሹ ተመለሰ።

ዱባይ ከሕንድ የመጣ ሕዝብ የሞላባት ከተማ ናት። ሥጋ የማይበሉ ሕንዶች ብዙ ስለሆኑ የምስርና የአትክልት ምግብ በየመንገዱ አለ። ቅቤና እርጎ እንዳይገባበት ግን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሕንዶቹ ወተት አይጾሙም። የአረቦቹ ፉል፣ ፈላፍልና ሑሙስ ጾመኛን በደንብ ያጠግባሉ። ዴራ ሰፈር ደግሞ የሐበሻ ቤቶች አሉ፤ ሽሮም በያይነቱም ይገኛል።

የሚያሳስበው የምግቡ ዓይነት ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ መዋል ደብረ ብርሃን ብርድ ውስጥ አንድ ነገር ነው። እዚያ ሙቀት ውስጥ እየዞሩ ሌላ ነው። አማቴ ከመሄዳቸው በፊት የንስሐ አባታቸውን ጠይቀው ነበር። በዚያ መሠረት ቀን ቀን ቤት ዋሉ፣ ማታ ወጡ። ልጆቹን ውሃ አልከለከልናቸውም።

«ቲኬቱ 5 ነው የሚለው፣ ገና ነው»

ብዙ ሰው አውሮፕላን የሚያመልጠው እዚህ ላይ ነው። ቲኬታችን «ኦገስት 5፣ 02:20» ይላል። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 29፣ ከሌሊቱ 8:20። እኛ ቀንን ከንጋት ነው የምንቆጥረው። ስለዚህ ሰው «የባለወልድ ሌሊት» ብሎ 29ን ሙሉ ቀን ቤቱ ይውላል። በፈረንጅ አቆጣጠር ግን ቀኑ የሚቀየረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ቦሌ መገኘት የነበረብን በአማኑኤል፣ በ28 ማታ ነው። ባለቤቴ ባትነቃ ኖሮ እኔም ገና ሹራብ እያጣጠፍኩ እገኝ ነበር። ከደብረ ብርሃን ቦሌ 130 ኪሎ ሜትር ስለሆነ በዋዜማው አዲስ አበባ ገብቶ ማረፍ ይሻላል።

የልጆቹ የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። አንዱ ወረቀት ላይ በእኛ፣ ሌላው ላይ በፈረንጅ ከተጻፈ ልጁ ሰባት ስምንት ዓመት ይለያያል። ቪዛ ከመጠየቃችሁ በፊት አስተያዩት። ፓስፖርቱም ከጉዞው ቀን ጀምሮ ቢያንስ 6 ወር የሚቀረው ይሁን።

«በክረምት ሆቴል ይረክሳል፣ ስለዚህ ጉዞው ይረክሳል»

ሆቴሉ እውነት ይረክሳል። ግን እንደ ደረጃው በየክፍሉ በየሌሊቱ ከ7 እስከ 20 ድርሃም የቱሪዝም ክፍያ አለ። በእግር መሄድ ስለማይቻል የታክሲው ወጪ ይጨምራል። ልጆች ቪዲዮ ላይ ያዩት ነገር ደግሞ ሁሉም ክፍት አይደለም። የአበባው መናፈሻ ሚራክል ጋርደንና ግሎባል ቪሌጅ በዚያ ወቅት ዝግ ናቸው። ልጄ ለሁለት ቀን አኩርፏል። የታረቀን በሜትሮ ነው። ሾፌር የሌለው ባቡር ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ሲሄድ ዓለሙን አየ። ሜትሮ ውስጥ መብላትና መጠጣት ያስቀጣል፤ ቆሎም ምግብ ነው።

«ለዘመድ አረቄና መድኃኒት ብይዝ ማን ያየኛል?»

ያይሃል። በሃይላንድ የተሞላ የደብረ ብርሃን አረቄ አውሮፕላን ላይ አይወጣም። ጠንካራ መጠጥ ከሱቅ እንደወጣ የታሸገ መሆን አለበት። ጫት እዚያ አገር እንደ አደንዛዥ ዕፅ ነው የሚታየው። እንደ ትራማዶልና ኮዴን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችም ቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃሉ። የአያት መድኃኒት ከሆነ የሐኪሙን ወረቀት ይዛችሁ፣ ከአገሩ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ።

በጋቢ ጉዳይ ግን እኔ ተሸንፌያለሁ። አማቴ ጋቢያቸውን ሻንጣ ሲከቱ «እማዬ፣ ሙቅ አገር እኮ ነው» ብዬ ስቄ ነበር። ዱባይ ሞል ውስጥ ገብተን አንድ ሰዓት ሳይሞላ ልጆቹ በኤሲው ተንቀጠቀጡ። አማቴ ምንም ሳይናገሩ ጋቢውን ዘርግተው ሁለቱንም ሸፈኗቸው። እኔ በአጭር እጅጌ ሸሚዝ ቆሜ ነበር።