«ዋንግ» የሚለው የቻይና ምልክት፦ ንጉሥ ወይስ ልዑል?
«ዋንግ» የሚባለው ምልክት ሦስት አግድም መስመሮችን አንድ ቀጥ ያለ መስመር መሐል ለመሐል እያያያዛቸው የሚጻፍ ሲሆን፣ የሃን ሥርወ መንግሥት ዘመኑ ሊቅ ዶንግ ጆንግሹ ሰማይን፣ ሰውንና ምድርን የሚያገናኝ ገዥ ማለት ነው ብሎ ፈትቶታል። ፍቺው ያማረ ነው፤ ነገር ግን በአጥንት ላይ የተቀረጹት ጥንታዊ ቅርጾች የሥልጣን ምልክት የነበረውን የመጥረቢያ ስለት ስለሚመስሉ ብዙ አጥኚዎች ምንጩን ከዚያ ይስባሉ።

አንባቢን ይበልጥ የሚያደናግረው የማዕረጉ መለዋወጥ ነው። በጥንቱ የጆው ሥርወ መንግሥት ዘመን መጀመሪያ ዋንግ ከሁሉ በላይ የሆነው ገዥ ነበር፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ221 የቺን ንጉሥ ዪንግ ጀንግ «ሁዋንግዲ» (ንጉሠ ነገሥት) የሚል አዲስ ማዕረግ ከወሰደ በኋላ ግን ዋንግ ዝቅ ብሎ በአብዛኛው ለንጉሠ ነገሥቱ ልጆችና ወንድሞች የሚሰጥ ሆነ። ስለዚህ በኋለኛው ዘመን ጽሑፍ ሲገኝ «ልዑል» ብሎ መተርጎም ይሻላል፤ ዛሬ በሰው ስም መጀመሪያ ላይ ሲታይ ደግሞ የቤተሰብ ስም እንጂ ማዕረግ አይደለም።