«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም»፦ ለጋላቢው የተነገረ እንጂ ለፈረሱ አይደለም

ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ ነው። ሾፌሮቻችን የመስክ አበላቸው ከባለሙያው ጋር እኩል እንዲሆን ጠየቁ። አለቃችን ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» አለና ጉዳዩን ዘጋው። ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ አልዋሽም። ማታ ግን ከነከነኝ። አለቃችን ተረቱን ገልብጦ ነው የያዘው።

አያቴ የአዊ ሰው ነበሩ፣ እንጅባራ አካባቢ። ዳማ ፈረስ ነበራቸው። ጥር 23 አገው ፈረሰኞች የዓድዋ ፈረሶችን የሚያስቡበት በዓል ሲደርስ ልጓም የመያዝ ሥራ የእኔ ነበር። እሳቸው ግላሱን አራግፈው ያለብሳሉ፣ ኮርቻውን ይጭናሉ፣ የሆዱን ጠፍር ይስባሉ። ከዚያ ዝም ብለው ይቆማሉ። ለካ ፈረስ ጠፍር ሲጠብቅበት ሆዱን ነፍቶ ያታልላል! ትንፋሹን እስኪለቅ ጠብቀው እንደገና ሳብ ያደርጉታል። ሲወጡ ደግሞ በባዶ እግራቸው ነው። እርካቡ ውስጥ የሚገባው አውራ ጣታቸው ብቻ ነው።

አንድ ዓመት አጎቴ ውድ ፈረስ ገዝቶ መጣ። ከሩቅ የሚያብረቀርቅ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያየው። ጉግሱ ሲጀመር ከሁሉ ቀድሞ ወጣ፤ ግን ጋሻውን በወጉ አላነሳም ነበርና የመጀመሪያዋ ዘንግ ጀርባው ላይ አረፈች። አያቴ የዚያን ቀን ነው ተረቷን የተናገሩት። ያዩት ግን ፈረሱን አልነበረም። አጎቴን እያዩ ነው «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ያሉት። አደረሰህ፣ ከዚህ በላይ ምን ያድርግልህ እንደማለት።

አሁን የራሴን ግምት ላምጣ። ድሮ ሹም ወይም ባላባት ሲዘምት መንገዱን የሚጓዘው በበቅሎ ነው። ፈረሱ እንዳይደክም ከጎን ይሳባል፤ የሚጫነው ጦሩ ሲቀርብ ነው። ስለዚህ ከቤት እስከ ጦር ሜዳ የሚያደርሰው ፈረስ ሳይሆን በቅሎ ነው። ታዲያ ተረቱ ለምን «በቅሎ ያደርሳል» አላለም? እኔ እንደሚመስለኝ ተረቱ የተወለደው በመጨረሻዋ ሁለት መቶ እርምጃ ላይ ነው። ጠላት ፊት ለፊት ታይቷል፣ ፈረሱ ጋልቦ ከዚያ ያደርስሃል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ያንተ ክንድ ነው። የእርካቡንም ነገር ለራሴ ምስክር አድርጌ እቆጥረዋለሁ። በአውራ ጣት ብቻ የሚረገጥ እርካብ እግርን አይዝም። ዘለህ ለመውረድ ይመቻል። ወርዶ የሚዋጋ ሰው እርካብ ነው የምለው ለዚህ ነው። የሚስቅብኝ ካለ ይሳቅ።

ይህን ሳሰላስል የልዩ ኃይሎች ታሪክ ትዝ አለኝ። ያን ታሪክ የሚወድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለ ሄሊኮፕተሩና ከአውሮፕላን ስለሚዘለልበት ጃንጥላ ነው። የእንግሊዙን ልዩ ኃይል ኤስ ኤ ኤስ እዩት። በፈረንጆች 1941 ኅዳር ላይ የመጀመሪያ ዘመቻውን ሰሜን አፍሪካ በረሃ ላይ በጃንጥላ ወረደ። ሌሊቱ ከባድ ማዕበል ነበር። ሃምሳ ከሚበልጡት ሰዎች የተመለሱት ከግማሽ በታች ናቸው፣ አንድም የጠላት አውሮፕላን ሳያቃጥሉ። የተረፉትን የሰበሰባቸው ራልፍ ባግኖልድ የመሠረተው የበረሃ ቃኚ ቡድን ነው፣ በጭነት መኪና። አዛዡ ዴቪድ ስተርሊንግ ከዚያ በኋላ ሐሳቡን ቀየረ፤ በጃንጥላ ከመውረድ በመኪና መሄድ ይሻላል ብሎ። በታኅሣሥ ታመት የሚባለው የሊቢያ አየር ማረፊያ አቅራቢያ መኪናው አወረዳቸው፣ ቀሪዋን መንገድ በእግራቸው ሄዱ፣ በአንድ ሌሊት 24 አውሮፕላን አወደሙ። ቃኚዎቹን «የበረሃ ታክሲ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ቀልድ ነው እንጂ ንቀት አልነበረም፤ ያለዚያ ታክሲ የትም እንደማይደርሱ ያውቃሉ።

የእኛው አገር ታሪክ ደግሞ ይብሳል። ጄኔራል ዊንጌትን በትምህርት ቤቱ ስም የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ያኔ ጄኔራል አልነበረም። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ጃንሆይ ኡሜድላ ላይ የሱዳንን ድንበር ሲሻገሩ አብሮ የገባ፣ ጎጃም ውስጥ «የጌዴዎን ጦር» ያለውን ከሁለት ሺህ ያነሰ ኃይል የመራ የእንግሊዝ መኮንን ነው። ስሙን ያወጣው ከመጽሐፈ መሳፍንት ነው፤ ጌዴዎን ከ32 ሺህ ሰው 300 መርጦ ያስቀረበት ታሪክ።

ስንቅና ጥይቱን የተሸከሙት ከሱዳን የመጡ ግመሎች ናቸው፣ በብዙ ሺህ። ቆላ ለምዶ ያደገ ግመል የበላያን ተራራ ድንጋይና የአገው ምድርን ብርድ ከየት ይችለዋል? መንገድ ላይ አለቁ። ከኋላ የሚመጣው ሰው መንገዱን በሽታ ይለይ ነበር ይባላል። አዲስ አበባ የደረሱት ሃምሳ ገደማ ብቻ ናቸው። ሰዎቹ ግን በእንጅባራ፣ በቡሬ አድርገው መጋቢት መጨረሻ ላይ ደብረ ማርቆስ ገቡ። (ጎጃም ውስጥ አምስት ዓመት በራሳቸው እግርና ፈረስ ሲዋጉ የቆዩ አርበኞች ባይኖሩ የጌዴዎን ጦር የት ይደርስ ነበር? ይህን የፈረንጅ መጻሕፍት ቶሎ ያልፉታል።) ሚያዝያ 27 ጃንሆይ በመኪና አዲስ አበባ ሲገቡ ዊንጌት ፊት ፊት በነጭ ፈረስ ነበር። ግመሎቹን ያስታወሰ ማን እንደነበር እንጃ።

እንግዲህ አለቃዬ ሾፌሮቹን «ፈረስ» ካላቸው ይሁን፣ ፈረስ ናቸው። ባለፈው ክረምት መኪናችን ጭቃ ውስጥ ተቀርቅራ ሌሊቱን ሙሉ ድንጋይ እየጠረበ ያወጣን ሾፌሩ ነው። እኛ «ተዋጊዎቹ» ውስጥ ተቀምጠን ስልካችን ኔትወርክ እንዲያገኝ ወደ መስኮት እናነሳ ነበር። ሪፖርቱ ደግሞ ሳምንት ዘግይቶ ነው የገባ። ተረቱ ለማን ይሁን?

አያቴ ከጉግስ ሲመለሱ መጀመሪያ ኮርቻውን ያወርዳሉ፣ ጀርባውን በጭድ ያሹለታል፣ ገብሱን ያቀርባሉ። ፈረሱ በልቶ ሳይጨርስ እራት ቢቀርብላቸው «ቆይ» ይሉ ነበር። የሾፌሮቹ አበል እስካሁን አልተከፈለም።