ዕቃ በዕቃ ልውውጥ ምንድን ነው? አሞሌስ ለምን አይገባበትም?

ባለፈው ሳምንት በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ ስለ ኢኮኖሚ እንዲያስረዱ የተጋበዙ ሰው፣ «ገንዘብ ከመምጣቱ በፊት አባቶቻችን ዕቃ በዕቃ ነበር የሚገበያዩት፤ ለምሳሌ አሞሌ ጨው እየሰጡ እህል ይቀበሉ ነበር» አሉ። ይህንኑ አባባል በተማሪዎቼ የፈተና ወረቀት ላይ ስንት ጊዜ እንዳረምኩት ቁጥሩ ጠፍቶኛል። የኢኮኖሚ ታሪክ ሳስተምር ብዙ ነገር አይቼ አልፋለሁ፤ ይህን ግን ማለፍ አልሆነልኝም። በአንድ ትንፋሽ አሞሌን ከገንዘብነት ያወርደዋል፣ ገንዘብ ከየት እንደመጣም ያሳስታል።

ዕቃ በዕቃ ሲባል ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላውን ዕቃ ፈልጎ፣ እዚያው ተሰጣጥተው ይለያያሉ ማለት ነው። የወሰዱትን የሚወስዱት ሊጠቀሙበት ነው። የጎጃም ነጋዴ አሞሌ ሲቀበል ግን ወጥ ሊያጣፍጥበት አልነበረም። አሞሌው ከአፋር የጨው ሜዳ ተቆርጦ፣ በተለመደ ልክ ተጠርቦ፣ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋ ይወጣል። የተቀበለው ሰው ነገ ለሌላ ሊከፍልበት ያስቀምጠዋል። ከሜዳው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ በኋለኛው ዘመን ደግሞ ከጠገራ ብር ጋር ይመነዘር ነበር። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አገራችንን ሲዞር፣ ጨው በገንዘብነት ሲያገለግል አይቶ ጽፏል። «መጀመሪያ ዕቃ በዕቃ፣ ቀጥሎ ገንዘብ» የሚለውን ትረካ ካስፋፉት ዋናው የሆነው የኢኮኖሚ ሊቅ አዳም ስሚዝ እንኳ፣ በ1776 ባሳተመው መጽሐፍ የአቢሲንያን ጨው የጠቀሰው በገንዘብነት ያገለገሉ ነገሮችን ሲዘረዝር ነው። የሬዲዮው ተናጋሪ ስሚዝን እየደገሙ ስሚዝ ያላለውን ነው የተናገሩት።

የስሚዝ ትረካ ራሱስ? አንትሮፖሎጂስቷ ካሮላይን ሃምፍሪ በ1985 ባሳተሙት ጥናት፣ በዕቃ ልውውጥ ብቻ የቆመ፣ ገንዘብም ከዚያ የወጣለት ኢኮኖሚ አንድም ተመዝግቦ እንደማይገኝ አሳይተዋል። ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር «ጤፍህን በዶሮዬ» እየተባባለ አይኖርም። ይሰጣል፣ ያስታውሳል፣ ተራውን ይጠብቃል። ከልውውጡ በፊት የነበረው ዕዳ ነው።

የሰፈራችሁን ሱቅ የዱቤ ደብተር አስቡት። ልጅ ይላካል፤ ዘይትና ሳሙና ይዞ ይመለሳል፤ ባለሱቁ በስማችሁ ሥር ይጽፋል። ወሩን ሙሉ አንዲት ኖት ከእጅ ወደ እጅ አላለፈችም፤ የተጻፈው ሁሉ ግን በብር ነው። እዚህ የብር ሥራው መለካት ብቻ ነው፤ እንደ ኪሎ፣ እንደ ሜትር። ወሩ ሲያልቅ በኖት ትከፍላላችሁ። ወይም ከአገር ቤት የመጣላችሁን ማር ትሰጡታላችሁ፤ እሱም በዋጋው ከዕዳችሁ ይቀንስላችኋል። ማር ስለተሰጠ ብቻ ነገሩ ዕቃ በዕቃ አይሆንም። ማሩ የዘጋው በብር ተቆጥሮ የቆየ ዕዳ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ከተሞች ያደጉት በዚህ ደብተር ነው። ደብተሩ ያኔ ሸክላ ነበር። በዛሬዋ ደቡብ ኢራቅ፣ በኡሩክ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3200 ገደማ ከተጻፉት ጽላቶች አብዛኞቹ ግጥምም ጸሎትም አይደሉም፤ የገብስ፣ የበግ፣ የቢራና የሠራተኛ ቀለብ ሒሳብ ናቸው። በዚያ ምድር ጽሕፈት የጀመረው ከመዝገብ ቤት ነው። ቆይቶ መለኪያው ሰቅል ሆነ። መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ ሁሉ ስሙን ያውቀዋል፦ 60 ሰቅል አንድ ምናን፣ 60 ምናን አንድ መክሊት። ሰቅሉ 8 ግራም ያህል የሚመዝን ብር ነው። (እዚህ ላይ ብር ስል ማዕድኑን ነው። በእኛ ቋንቋ ማዕድኑም መገበያያውም አንድ ስም ስላላቸው፣ ተማሪዎቼ ብር በተጻፈበት ቦታ ሁሉ ሳንቲም ያያሉ። ሳንቲም ገና አልነበረም።) ኤሽኑና በምትባል የዚያው ምድር ጥንታዊ ከተማ ሕግ አንድ ሰቅል 300 ሊትር ያህል ገብስ ወይም 6 ምናን ሱፍ ያወጣ ነበር። ገበሬው ብሩን ጨርሶ ላያየው ይችላል፤ ዕዳው በብር ይቆጠራል፣ በገብስ ይከፈላል።

ይህ ተመን የሕግ ተመን እንጂ የገበያ ዋጋ እንዳልሆነ መናገር አለብኝ። በድርቅ ዓመት ገብስ ከዚያ በላይ ይወደድ ነበር። የተረፉልን ጽላቶችም የሚበዙት የቤተ መቅደስ፣ የቤተ መንግሥትና የትልልቅ ነጋዴዎች ናቸው፤ በቃል የተበዳደረ ድሃ ለእኛ የተወልን ወረቀት የለም።

በባቢሎን ንጉሥ በሐሙራቢ ሕግ አንቀጽ 111 ላይ አንዲት መሸተኛ አለች። አንድ ጋን ቢራ በዱቤ ብትሰጥ፣ አዝመራ ሲደርስ 50 ሊትር ያህል እህል ትቀበላለች። «ይኸውላችሁ፣ ቢራ በእህል፤ ዕቃ በዕቃ ማለት ይህ አይደለም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። በጋኑና በእህሉ መካከል ወራት አሉ፤ መጠኑን ሕግ አስቀድሞ ቆርጦታል፤ በመካከል የቆመውም ዕዳ ነው። ያው ሕግ የብር ብድር ወለድን 20 በመቶ፣ የእህሉን ደግሞ አንድ ሦስተኛ አድርጎ ይወስናል። ጎርፍ ወይም ድርቅ አዝመራውን ያጠፋበት ተበዳሪ ለዚያ ዓመት አይከፍልም፤ ጽላቱን በውሃ ያጥባል ይላል አንቀጽ 48።

የደብተሩን ምሳሌ ትንሽ ልግፋው። ባለሱቁ የእናንተን ገጽ ቀዶ ለጅምላ አከፋፋዩ ቢሰጠውና፣ «ከእንግዲህ ከእነሱ ተቀበል» ቢለውስ? ከ3,800 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በዛሬዋ ቱርክ በካኔሽ ከተማ የሰፈሩ፣ ዛሬ ሰሜን ኢራቅ ካለችው ከአሱር ከተማ የመጡ ነጋዴዎች ይህን የሚመስል ነገር አድርገዋል። እዚያ ከ20,000 በላይ ጽላቶች ተቆፍረው ወጥተዋል። ከአሱር ቆርቆሮና ጨርቅ በአህያ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ይመጣል፤ ብርና ወርቅ ይመለሳል። በአንዳንዶቹ የብድር ጽላቶች ላይ የአበዳሪው ስም አይጻፍም፤ ጽላቱን ይዞ የመጣ ሰው ባለገንዘቡ እሱ ነው ይላሉ። ብዙ ሰዎች ወርቅ አዋጥተው ለአንድ ነጋዴ ለዓመታት የሚያስረክቡበት ውልም ነበራቸው፤ ስሙ ናሩቁም፣ ትርጉሙ ከረጢት። ያን ያህል መንገድ ዕቃ በዕቃ እየተለዋወጡ የሚዘለቅ አልነበረም።

መንግሥት መጥቶ ደብተሩን ቢቀደውስ? የባቢሎን ነገሥታት ደጋግመው ቀደዱት። ከሐሙራቢ በኋላ አራተኛው ንጉሥ አሚ-ጻዱቃ ባወጣው አዋጅ፣ ያቺ መሸተኛ በዱቤ የሰጠችውን ቢራና ገብስ መጠየቅ አትችልም። የነጋዴዎች የሽርክና ገንዘብ ግን አልተሰረዘም። ንጉሡ የሚያጠፋውን ዕዳ ያውቃል፦ ገበሬው በዕዳ ባሪያ ሲሆን ግብር ከፋይና ወታደር ይጠፋል፤ ነጋዴው ቢከስር ግን የሚጎዳው ራሱ ነው። (የአዋጁ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት 17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ይህ መካከለኛ በሚባለው የዘመን ስሌት ሲሆን፣ በሌሎቹ ስሌቶች በአሥርት ዓመታት ይንሸራተታል።)

ምሳሌዬ የሚሰበረውም እዚህ ነው። የሰፈር ባለሱቅ የብርን ልክ አይወስንም፣ ደመወዛችሁንም አይከፍልም። የሱመር፣ ማለትም የእነ ኡሩክ አገር፣ ቤተ መቅደስ ግን ባለሱቅም፣ ቀጣሪም፣ ሚዛን አውጪም ነበር።

ሳንቲም የመጣው በምዕራብ ቱርክ፣ በልድያ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ከኡሩክ ጽላቶች 2,500 ዓመት ገደማ ዘግይቶ። የሐሙራቢ ባቢሎን አንድም ሳንቲም አላየችም። «ዕቃ በዕቃ፣ ቀጥሎ ሳንቲም፣ ቀጥሎ ዱቤ» የሚባለው መሰላል የተሠራው ከላይ ወደ ታች ነው። የእኛም ታሪክ አይወጣበትም። አክሱም ከክርስቶስ ልደት በኋላ ከ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንሥቶ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ሳንቲም ስታትም ኖራ፣ በ7ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ አቆመች። አልቫሬዝ አሞሌን ያየው ከዚያ 900 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። አሞሌ ዕቃ በዕቃ ከሆነ፣ አባቶቻችን ገንዘብን አውቀው ረሱት ልንል ነው።

እውነተኛ ዕቃ በዕቃ የለም ማለቴ አይደለም። ቦታው ግን በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለው ተጓዥ እንደጻፈው፣ የአክሱም ንጉሥ ሰዎች ከብዙ ነጋዴዎች ጋር ሆነው ሳሱ ወደሚባል የወርቅ አገር ይወርዳሉ። መሄድ መመለሱ ስድስት ወር ይፈጃል። በእሾህ አጥር ውስጥ ሰፍረው፣ በሬ አርደው ሥጋውን፣ ጨውና ብረቱንም በአጥሩ ላይ ያኖራሉ። የአገሬው ሰው መጥቶ የወደደው ዕቃ ላይ ወርቅ ያስቀምጥና ገለል ይላል። ባለዕቃው ወርቁ ከበቃው ያነሣዋል፤ ካልበቃው ይተወዋል፤ ያኛውም ተመልሶ ወይ ይጨምራል፣ ወይ ወርቁን ይዞ ይሄዳል። በቋንቋ አይግባቡም፣ ስም አይጠያየቁም፤ በማን ስም ሥር ይጻፍ?