የትምህርት ቤት ሳምንት፦ የአዲስ አበባ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ዜና ከሰልፍ እስከ ቤት

የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዜና ጋዜጣ ላይ አይወጣም። ግን በየሳምንቱ አለ። የሂሳብ ፈተናው ወደ ሐሙስ ተገፍቷል። የ4ኛ "ለ" ተማሪዎች ነገ ችግኝ ውሃ ያጠጣሉ። ቅዳሜ የወላጅ ስብሰባ አለ። አዲስ የስፖርት መምህር መጥተዋል። ለውጭ ሰው ይህ ሁሉ ትንሽ ነገር ነው። ግቢ ውስጥ ላሉት ግን የሳምንቱ ኑሮ የሚያዘው በዚህ ነው። ይህ ጽሑፍ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ይህ ዜና ከየት ተነሥቶ በምን መንገድ ቤት እንደሚደርስ ይዳስሳል። የግሎቹንም አልፎ አልፎ ያነሣል።

የትምህርት ቤት ማኅበረሰብ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ተማሪና መምህርን ነው። ግቢው ግን ከዚያ ይሰፋል። ርዕሰ መምህሩና ምክትሎቹ አሉ። ዘበኞች፣ የጽዳት ሠራተኞች፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ሪከርድ ቢሮ የምትቀመጠው ሴት አሉ። ምግብ የሚያበስሉት መጋቢ እናቶች አሉ። በሩ ላይ ቆሎና ማስቲካ የሚሸጡትም የግቢውን ወሬ ከማንም ቀድመው ይሰማሉ። ከዚያ ወላጆች አሉ። "ወላጅ" ሲባል ደግሞ ሁልጊዜ እናትና አባት ማለት አይደለም። አያቱ ጋር የሚያድግ ልጅ አለ። ከክፍለ ሀገር መጥታ አክስቷ ቤት ሆና የምትማር ልጅ አለች። ሰው ቤት እየሠሩ የሚማሩም አሉ። ትምህርት ቤቶች በደብዳቤያቸው ላይ "ወላጅ/አሳዳጊ" ብለው የሚጽፉት ለዚህ ነው።

አደረጃጀቱ ባለፉት ዓመታት ተቀይሯል። በ1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል አድርጎት ነበር። በአዲሱ አወቃቀር አንደኛ ደረጃ እስከ 6ኛ ነው። 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ ተብለዋል። በተግባር ግን ብዙ ግቢዎች ከቅድመ አንደኛ እስከ 8ኛ ክፍል አንድ ላይ ይዘዋል። ስለዚህ በአንድ ሰልፍ ላይ የ5 ዓመት ሕፃንና የ14 ዓመት ጎረምሳ ይቆማሉ። ማስታወቂያውም ለሁለቱም መሆን አለበት። ይህ ቀላል ሥራ አይደለም።

ሳምንቱ የሚከፈተው ሰኞ ጠዋት በሰልፍ ነው። ሰልፍ በየቀኑ አለ፤ የሰኞው ግን ይረዝማል። ከ2 ሰዓት አካባቢ ጀምሮ ደወል ይደወላል። ደወሉ በአንዳንድ ግቢ የኤሌክትሪክ ነው፤ በአንዳንዱ ደግሞ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ በብረት ይመታል። ተማሪዎች በየክፍላቸው በቁመት ይሰለፋሉ። ባንዲራ ይሰቀላል፣ ብሔራዊ መዝሙር ይዘመራል። ተረኛ መምህራን በየሰልፉ መሃል እየተዘዋወሩ ጥፍር፣ ጸጉርና ዩኒፎርም ያያሉ። በር ላይ የቀሩት አርፋጆች ለብቻ ይቆማሉ። ከዚያ ርዕሰ መምህሩ ወይም ዩኒት ሊደሩ ደረጃው ላይ ወጥተው የሳምንቱን ማስታወቂያ ይናገራሉ።

ከዚህ ሰልፍ መሃል አንድ ነገር ተለይቶ ሊታይ ይገባል። ዓርብ ግቢ ውስጥ ብር አግኝታ ለመምህሯ የሰጠች ልጅ ሰኞ ትጠራለች። ደረጃው ላይ ትወጣለች። ስሟ፣ ክፍሏና ያገኘችው ብር ይነገራል። "አጨብጭቡላት!" ይባላል። ግቢው በሙሉ ያጨበጭባል። ብሩ አሥርም ይሁን መቶ ጭብጨባው እኩል ነው። ያቺ ልጅ ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታወራው ይህንን ነው። ከሳምንቱ ማስታወቂያዎች ሁሉ ሳይዛነፍ ቤት የሚደርሰውም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

የግቢው እውነተኛ ዜና ማሠራጫ ሚኒ ሚዲያ ነው። ዕቃው ብዙ አይደለም። አንድ ማይክሮፎን፣ አንድ አምፕሊፋየር፣ ግንብ ላይ የተሰቀለ ወይም በረንዳ ላይ የሚወጣ ሞንታርቦ። ክፍሉም ብዙ ጊዜ ከዕቃ ግምጃ ቤት የተረፈ ጠባብ ክፍል ነው። የሚመሩት በአብዛኛው የቋንቋ መምህራን ናቸው። አባላቱ ከ5ኛ ክፍል በላይ ያሉና አንብበው የሚያሳምሩ ልጆች ናቸው። የሚተላለፈው ከሰልፍ በፊትና በእረፍት ሰዓት ነው። የትምህርት ቤቱ ዜና፣ ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ የጤና ምክር፣ አጭር ድራማ፣ "ይህን ያውቁ ኖሯል?" የሚል ጥያቄና መልስ ይቀርብበታል። አንዳንድ ቦታ የልደት መልካም ምኞትም አለ።

የሚኒ ሚዲያ ዜና የሚጻፈው በደብተር ቅዳጅ ላይ ነው። ልጁ ይጽፋል፣ መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ያርማሉ፣ ልጁ ጮክ ብሎ ይለማመዳል። "የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ" ይላል ጅማሬው። የዋናው ሬዲዮ ድምፅ ተኮርጆ ነው የሚነበበው። ብዙ ጋዜጠኞችና ተዋንያን "የት ጀመርክ?" ሲባሉ የሚያነሡት ይህንን ክፍል ነው። እኔ ለትምህርት ቤት አንድ ነገር ስጥ ብባል ደህና ማይክሮፎን እሰጣለሁ። አፉን ሞልቶ መናገር የሚፈራ ልጅ፣ ጓደኞቹ ሁሉ በሚሰሙት ሞንታርቦ የራሱን ዜና አንብቦ ሲወጣ ሌላ ሰው ነው።

ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ዜናው ይቀንሳል፤ ትምህርቱ ይበዛል። ፈተናና የቤት ሥራ፣ የክፍል ጽዳት ተራ፣ የሱፐርቫይዘር ጉብኝት። በእረፍት ሰዓት ሴቶቹ ሱዚ ይዘላሉ፣ መሬቱ ላይ ሰኞ ማክሰኞ ይሠመራል፣ ወንዶቹ በካልሲ ኳስ ግቢውን ይሞላሉ። አሁን አሁን ግን ሴት ወንዱ ተቀላቅሎ ነው የሚጫወተው።

የየዕለቱ ትልቁ ጉዳይ ምግብ ነው። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ምገባ በከተማ ደረጃ የተጀመረው በ2011 እና 2012 አካባቢ ነው። ቁርስና ምሳ ይቀርባል። ዩኒፎርምና ደብተርም ከከተማ አስተዳደሩ መታደል የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። ከዚያ በፊት ባዶ ሆዱን መጥቶ ሰልፍ ላይ የሚወድቅ ልጅ መምህራን ሁሉ የሚያውቁት ነገር ነበር። ፕሮግራሙ በ2015 ዓ.ም መጀመሪያ የሚላን የከተሞች የምግብ ፖሊሲ ስምምነት ሽልማትን ለአዲስ አበባ አስገኝቷል።

የሚያበስሉት በማኅበር የተደራጁ እናቶች ናቸው። አብዛኞቹ የዚያው ሰፈር ሰዎች ናቸው፤ የራሳቸው ልጆች እዚያው የሚማሩ አሉ። ጎህ ሳይቀድ ይገባሉ። ትልልቅ ድስት ይጣዳል። ዳቦና ሻይ፣ ቅንጬ፣ ሩዝ፣ እንጀራ በምስር ወይም በሽሮ። የሳምንቱ ዝርዝር ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ልጆቹም ከፈተና ፕሮግራሙ በላይ በቃላቸው ይዘውታል። ረቡዕና ዓርብ የጾም ነገር ይታሰባል። ትንንሾቹ ቀድመው ይሰለፋሉ፣ እጅ ይታጠባል፣ ከዚያ ሳህን ይያዛል። ልጁ ምን እንደበላ፣ መጨመር እንደጠየቀ፣ ሰሞኑን ዝም ማለት እንዳበዛ ከክፍል መምህሩ ቀድመው የሚያውቁ መጋቢ እናቶች አሉ። ይህ መረጃ በየትኛውም ሪፖርት ላይ አይገባም። ቢገባ ብዙ ልጅ ይጠቅማል።

ዓርብ ሌላ ቀለም አለው። በብዙ ትምህርት ቤቶች ለጁምዓ ሶላት ሲባል የምሳ እረፍቱ ይረዝማል። ከሰዓቱ በብዙ ቦታ ለክበባት ይሰጣል። የቀይ መስቀል፣ የአካባቢ ጥበቃ፣ የሥነ ጽሑፍ፣ የሥርዓተ ጾታ፣ የሳይንስና የስፖርት ክበባት የተለመዱ ናቸው። ጥሩ ክበብ ያለው መምህሩ ባለበት ነው፤ መምህሩ ከተዛወረ ክበቡም አብሮ የሚከስምበት ጊዜ ብዙ ነው። ሰፋ ያለ ቦታ ያላቸው ግቢዎች ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ ያለማሉ።

የሳምንቱን ዜና የሚያደምቁት የመታሰቢያ ቀናት ናቸው። በጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ የሰንደቅ ዓላማ ቀን ይከበራል። ኅዳር 22 የዓለም ኤድስ ቀን፣ ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ነው። የካቲት 12 የሰማዕታት፣ የካቲት 23 የዓድዋ፣ ሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን ይመጣል። ለዓድዋ ግቢው ይለወጣል። ጎፈር የሚመስል ነገር ከወረቀት ይሠራል፣ ጋሻ ከካርቶን ይቆረጣል። አንዷ እቴጌ ጣይቱን ሆና ትወጣለች። ማን ጣይቱን እንደሚሆን ለመወሰን ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሮ ክርክር አለ።

አሁን ወደ ቤት እንሂድ። ዋናው መልእክተኛ ልጁ ራሱ ነው። "ነገ ሃምሳ ብር አምጡ ተብለናል" ይላል፤ ለምን እንደሆነ ግን ረስቶታል። ለዚህ ነው ወረቀት የሚላከው። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተባዛ ማስታወቂያ ይልካሉ። የግሎቹ ደግሞ ኮሙኒኬሽን ቡክ አላቸው፤ መምህርና ወላጅ በየቀኑ የሚጻጻፉበትና ወላጅ የሚፈርምበት ትንሽ ደብተር ነው። ወረቀት ግን አንባቢ ይፈልጋል። ማንበብ የማይችል ወላጅ ቤት ደብዳቤውን የሚያነበው ያው ልጁ ነው። ስለ ራሱ የተጻፈውን ራሱ ያነብባል። "ተማሪው ከክፍል ይቀራል" የሚለው መስመር ሳይነበብ የሚታለፍበት ቤት ስንት ነው!

ስልክ ነገሩን ቀይሮታል። በኮቪድ ምክንያት መጋቢት 7 ቀን 2012 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ቴሌግራም የብዙዎች መገናኛ ሆነ። የግሎቹ የቤት ሥራና ማስታወሻ በዚያ ይልኩ ነበር። ከተከፈተም በኋላ የክፍል ግሩፖቹ ቀሩ። ዛሬ የፈተና ፕሮግራም፣ የስብሰባ ጥሪ፣ የክበብ ፎቶ በዚያ ይለቀቃል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ሥራ ላይ ያለ አባት እዚያው ሆኖ ያየዋል። ችግሩም ግልጽ ነው። ስማርት ስልክ የሌለው ወላጅ፣ ዳታ ያለቀበት ወላጅ ከዜናው ውጭ ይሆናል። ቤት ካለ አንድ ስልክ ደግሞ ታላቅ ልጅ ይይዘዋል። አንዳንድ መምህራን ጽሑፉን በድምፅ ቀድተው ይልካሉ። ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች ይህ ከወረቀቱ በብዙ ይሻላል፤ መስፋፋት ያለበት ልማድ ነው።

ከሁሉም በላይ መስተካከል ያለበት ግን "ወላጅ አምጣ" የሚባለው ነገር ነው። ልጅ ሲረብሽ፣ ሲደባደብ፣ ሲያረፍድ "ወላጅ ካላመጣህ አትገባም" ይባላል። ጥሪው በራሱ ክፉ አይደለም። ክፋቱ ወላጅ የሚጠራው ለዚህ ብቻ ሲሆን ነው። ከትምህርት ቤት ስልክ ሲደወል የእናት ልብ ቀጥ ይላል፤ ጥሩ ነገር ተነግሯት አታውቅማ። ስለዚህ ልጁ ከመንገድ ላይ ሰው ለምኖ "አጎቴ ነው" ብሎ ያመጣል። ይህን ያላየ መምህር የለም። ዘንድሮ ማንበብ የጀመረ፣ ከወደቀበት ተነሥቶ 70 ያመጣ ልጅ ወላጁ ተጠርቶ ቢነገርለት የስብሰባ ቀን አዳራሹ ባዶ አይሆንም ነበር።

ስብሰባን ካነሣን፣ በሕግ የታወቀው መድረክ የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት ነው፤ በአጭሩ ወተመህ ይሉታል። ኮሚቴው የትምህርት ቤቱን ዕቅድ ያያል፣ የገንዘብ አጠቃቀም ይከታተላል፣ የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ላይ ይወያያል። ትምህርት በመንግሥት ትምህርት ቤት በፖሊሲ ነፃ ነው። አጥር ለማደስ፣ ጥበቃ ለመጨመር ሲባል ግን መዋጮ ይነሣል፤ ስብሰባውም የሚሞቀው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚመጡት እናቶች ናቸው። ነጠላቸውን ደርበው ከኋላ ይቀመጣሉ፤ የሚናገሩት ደግሞ ከፊት የተቀመጡት ጥቂት አባቶች ናቸው። ጎበዝ ሰብሳቢ ይህን አይቶ ማይኩን ወደ ኋላ ይልካል።

ሽርሽርም አለ። ፈቃድ መጠየቂያ ወረቀት ይላካል፣ ወላጅ ይፈርማል፣ አውቶቡስ ይያዛል። ብሔራዊ ሙዚየም ሄዶ ሉሲን ማየት ከድሮም የነበረ ነው። አሁን አንድነት ፓርክ፣ የሳይንስ ሙዚየምና በ2014 የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተጨምረዋል።

ሚያዝያና ግንቦት ላይ ዜናው ወደ ፈተና ይዞራል። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች የከተማ አቀፍ ፈተና ይጠብቃቸዋል። ትልልቆቹ የ8ኛውን እስከ ዛሬ "ሚኒስትሪ" ይሉታል። ቅዳሜ ጠዋት ቱቶሪያል ይሰጣል። መምህራን ያለ ዕረፍት ይገባሉ፤ ያንን ማመስገን ያስፈልጋል።

ከዚያ ሰኔ ይመጣል፣ የወላጆች ቀንም ይደርሳል። ግቢው ውስጥ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይደረደራል። መዝሙር፣ ድራማና የባህል ውዝዋዜ ይቀርባል። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ደብተርና መዝገበ ቃላት ይሸለማሉ። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች በጣም የተሻሻሉትንም ለብቻ መሸለም ጀምረዋል። ሪፖርት ካርዱ በዚያው ቀን ለወላጅ እጅ በእጅ ይሰጣል። ወላጅ ያልመጣለት ልጅ ካርዱን ከክፍል መምህሩ ዘንድ ሌላ ቀን መጥቶ ይወስዳል፤ ክረምት ላይም ለአዲሱ ዓመት ምዝገባ ያንኑ ካርድ ይዞ ይመጣል።