የጎዳና ውሾች ቁጥጥር በከተማ አስተዳደሮች

የጎዳና ውሾች ቁጥጥር በከተማ አስተዳደር ወይም በማዘጋጃ ቤት ሥር የሚካሄድ አገልግሎት ነው። ክትባትን፣ ማምከንን፣ የውሻ ምዝገባን፣ የጠፉ እንስሳት መጠለያንና በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ጭካኔን መከላከልን ያጠቃልላል። አንዳንዱ ከተማ ሥራውን ለጽዳት ክፍል፣ ሌላው ለደንብ ማስከበር፣ ሌላው ለእንስሳት ሕክምና ይሰጠዋል፤ ልዩነቱም ቀላል አይደለም። ጽዳት ክፍል ውሻን ከመንገድ እንደሚነሳ ነገር፣ የሕክምና ክፍል ደግሞ እንደሚከተብ እንስሳ ያየዋል። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አገልግሎቱ በበጀት መዝገብ ላይ ቦታ ያገኘው በእብድ ውሻ በሽታ ምክንያት ነው። በሽታው በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈው ውስጥ 99 ከመቶው መነሻው ውሻ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ለማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ሥራው ሁሉ የሚሠራው ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ነው።

መነሻው

ከ19ኛው ክፍለ ዘመን በፊት ከተሞች በሽታ ሲነሳ ውሻ ገዳይ ይቀጥሩ ነበር፤ ከዚያ ያለፈ ሥርዓት አልነበራቸውም።

በመዝገብ በደንብ የተያዘው የለንደንና የኒውዮርክ ታሪክ ነው። ኒውዮርክ በበጋ ወራት ውሻ ይዞ ለሚያመጣ ሰው በየራሱ ትከፍል ነበር። ክፍያው በቁጥር ስለነበር ባለቤት ያለው ውሻ ከደጃፍ እየተሰረቀ ይሸጥ ጀመር፤ በቁጥር መክፈል ዛሬም ቢሆን የሚያስከትለው ይህንኑ ነው። የተያዙት በብረት ሣጥን ታጉረው ኢስት ሪቨር ውስጥ ይሰጥሙ ነበር። ሄንሪ በርግ በ1866 የአሜሪካን የእንስሳት ጭካኔ መከላከያ ማኅበር ሲመሠርት ይህን አሠራር ተቃወመ፤ ከተማዋ የውሻ ማጎሪያውን ለማኅበሩ ላስረክብ ብትልም የከተማዋ ሥራ ነው ብሎ እምቢ አለ። እሱ በ1888 ከሞተ በኋላ ግን ማኅበሩ በ1894 ሥራውን ተረከበ፤ እስከ 1994 መጨረሻም ያዘው። ለእንስሳት ሊከራከር የተቋቋመ ማኅበር ትርፍ ውሾችን ማስወገድም የራሱ ዕዳ ሆነበት፤ በሌሎች ከተሞችም ይኸው ተደግሟል። ፊላዴልፊያ ውስጥ ካሮላይን አርል ዋይት የመሩትና በ1869 የተቋቋመው የሴቶች ማኅበር ከበርግ በተቃራኒ የከተማዋን ማጎሪያ ተቀብሎ ወደ መጠለያነት ለወጠው። ለንደን ውስጥ ሜሪ ቲልቢ በ1860 ሆሎዌይ ላይ የከፈቱት የጠፉ ውሾች ቤት በ1871 ወደ ባተርሲ ተዛወረ፤ ዛሬም አለ።

እንግሊዝ በሽታውን ያጠፋችው ያለ ውሻ ክትባት ነው። በ1897 የእርሻ ቦርዱ ሹም ዋልተር ሎንግ ውሻ ሁሉ አፉን ታስሮ እንዲወጣ፣ ከውጭ የሚገባውም ለብቻው እንዲቆይ አዘዙ። የውሻ ባለቤቶች አምርረው ቢቃወሙም በ1902 በሽታው ጠፋ። በ1918 ተመልሶ ገባ፤ በ1922 እንደገና ጠፋ። ደንቡ የሠራው ግን አብዛኛው ውሻ ባለቤት ስለነበረው ነው። ውሻው የሠፈር እንጂ የአንድ ቤት ባልሆነበት ከተማ የአፍ ማሰሪያ የሚያስር ሰው አይገኝም።

በኢስታንቡል በ1910 የሆነው ከሁሉ የከፋ ምሳሌ ነው። አስተዳደሩ የከተማዋን ውሾች ለቅሞ ውሃ ወደሌላት ሲቭሪአዳ ደሴት ወሰዳቸው፤ በረሃብና በጥማት አለቁ። አንዳንዶች ቁጥራቸውን 30,000፣ ሌሎች 80,000 ይሉታል። የከተማዋ ጎዳናዎች ግን ውሻ አልባ ሆነው አልቀሩም።

መርዝ ለምን አልሠራም

ብዙ ከተሞች በ20ኛው ክፍለ ዘመን የያዙት መንገድ ስትሪክኒን በሥጋ ለውሶ ማታ መበተን ነበር። መርዙ ውሻውን በነፍሱ እያለ፣ እያወቀ፣ በጡንቻ መኮማተር ነው የሚገድለው። ጥንብ የሚበሉ አሞሮችንም ይገድላል፤ ሕፃናት የሚያገኙት ቦታም ላይ ይወድቃል። በጭካኔው የማይሸነፍ ሹም ቢያንስ በስሌቱ ሊሸነፍ ይገባል፦ የሚገደለው ለሰው የቀረበው፣ ምናልባትም ባለፈው ዓመት የተከተበው ውሻ ነው፤ ድንጉጡና ያልተከተበው ያመልጣል። ቆሻሻው እስካልተነሳ ድረስ የተረፉት ቡችሎች ምግብ አግኝተው ያድጋሉ፤ ባለቤቶችም ምትክ ውሻ ከሌላ አካባቢ ያመጣሉ። የኢንዶኔዥያዋ ፍሎሬስ ደሴት በሽታው ከገባባት ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ውሻ ብትገድልም በሽታው አልወጣላትም። ባሊ በ2008 በሽታው ሲገባባት በመግደል ጀመረች፤ በ2010 ወደ ደሴት አቀፍ ክትባት ስትዞር ነው መሻሻል ያየችው።

የክትባት ዘመቻ

የሚታወቀው ግብ ከውሾቹ 70 ከመቶውን መከተብ ነው። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የማያውቅ ኃላፊ በቀላሉ ስለሚቀንሰው ማስረዳት ይገባል። አንድ ያበደ ውሻ በሽታውን የሚያስተላልፈው በአማካይ ከሁለት ለማይበልጥ ውሻ ነው፤ ስለዚህ በየትኛውም ቀን ከ20 እስከ 45 ከመቶ የሚሆነው ውሻ የተከተበ ከሆነ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። የጎዳና ውሻ ግን ዕድሜው አጭር ነው። በዓመት ከ100 ውሾች 40ው ሞተው ባልተከተቡ ቡችሎች ከተተኩ፣ 70 የነበረው ሽፋን በዓመቱ 42 ይሆናል። በ50 የጀመረ 30 ላይ ይወርዳል። የ70 ጥቅሙ እስከሚቀጥለው ዘመቻ የሚያደርስ ስንቅ መሆኑ ነው።

ዘመቻ በአንድ ሠፈር ከጥቂት ቀን በላይ መጎተት የለበትም። ከሁለት ቀን በፊት በድምፅ ማጉያ ይነገራል፤ ቀኑ ትምህርት የሌለበት ቢሆን ይመረጣል፤ ውሻ ጎትተው የሚያመጡት ልጆች ናቸውና። ቋሚ ጣቢያው ላይ በገመድ የመጡት ይከተባሉ። የማይያዙትን ለማግኘት ግን መረብ የያዘ ቡድን ያስፈልጋል፦ ሁለት መረብ ጣይ፣ አንድ ከታቢ፣ አንድ መዝጋቢ። መረቡ ከላይ ይጣልና አፉ ተጠምዞ ይዘጋል፤ መርፌው በመረቡ ቀዳዳ ጭኑ ላይ ይሰጣል፤ የተከተበው እንዲለይ ቀለም ይረጫል፤ መረቡ ይነሳል። የለመደ ቡድን ይህን ሁሉ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል፤ ያየ ሰው የማይረሳው ሙያ ነው። አንድ ውሻ ከጮኸ የመንደሩ ውሻ ሁሉ ስለሚሸሽ የሚጀመረው ከድንጉጦቹ ነው፤ ለማዳው የትም አይሄድም።

ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ቦታ ላይ ነው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቆየት ሲገባው ብልቃጡ በቀጥታ ከበረዶ ጋር ተነካክቶ ራሱ በረዶ ይሆናል፤ በመሃሉ ካርቶን ወይም ጨርቅ ማድረግ ይበቃ ነበር። ሁለተኛ፣ ከሦስት ወር በታች ያሉ ቡችሎች «ገና ናቸው» ተብለው ይታለፋሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን በዘመቻ ወቅት ቡችሎችም እንዲከተቡ ይመክራል፣ ሽፋኑ የሚጎድለውም እዚያው ላይ ነው። ሦስተኛ፣ ሽፋኑ ከተወጋው መርፌ ብዛት ይሰላል። የውሾቹ ጠቅላላ ቁጥር ግምት ስለሆነ በዚህ መንገድ 110 ከመቶ የሚል ሪፖርት ሊወጣ ይችላል። ትክክለኛው መንገድ ቀለሙ ሳይለቅ፣ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በተመረጡ መንገዶች ሄዶ መቁጠር ነው። 200 ውሻ ታይቶ 130ው ቀለም ካለው ሽፋኑ 65 ነው፤ ቡድኑ ወደዚያው ሠፈር ይመለሳል።

ሠራተኞቹ ራሳቸው ሥራ ከመጀመራቸው በፊት በመጀመሪያው ቀንና ከሰባት ቀን በኋላ ሁለት የክትባት መርፌ ይወስዳሉ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያጥባል፤ ከዚያ ወደ ጤና ተቋም ይሄዳል። ነካሹ ውሻ ከተገኘ ለ10 ቀን ይጠበቃል። በነከሰበት ቀን ቫይረሱ በምራቁ ውስጥ ከነበረ በነዚህ ቀናት ይታመማል ወይም ይሞታል። ሰዎች ውሻውን ወዲያው ቀጥቅጠው ሲገድሉት ይህ መረጃ አብሮ ይጠፋል፤ ጭንቅላቱም ከተጎዳ ላቦራቶሪ የሚመረምረው አንጎል አያገኝም።

ማምከን

ክትባት በሽታውን፣ ማምከን ቁጥሩን ይይዛል። ሁለቱን ማደባለቅ በጀት ያባክናል፤ በሽታው እየገደለ ባለበት ከተማ ገንዘቡ አስቀድሞ ለክትባት ነው።

ሎስ አንጀለስ በ1971 በከተማዋ ወጪ ርካሽ የማምከኛ ክሊኒክ ከፈተች። በህንድ ሥራውን በ1964 የጀመረው ብሉ ክሮስ የተባለው የቼናይ ከተማ የእንስሳት ተከራካሪ ድርጅት ነው፤ የአገሪቱ ደንብ በ2001 ወጣ፣ በ2023 በአዲስ ተተካ። ጃይፑር ላይ ከ1994 ጀምሮ ማምከንን ከክትባት ጋር አጣምሮ በተሠራው ሥራ በተሸፈነው አካባቢ የሰው ሞት ወደ ዜሮ ወርዷል፤ የውሾቹም ቁጥር ከሩብ በላይ ቀንሷል። ቡታን በ2009 ጀምራ ከ150,000 በላይ ውሾች ካመከነች በኋላ በጥቅምት 2023 የጎዳና ውሾቿን ሙሉ በሙሉ ማምከኗን አስታወቀች።

ሴቷን ማምከን ከወንዱ ይቀድማል። አንድ ያልተኮላሸ ወንድ ብዙ ሴት ስለሚያስረግዝ ከአሥር ወንድ ዘጠኙን ማኮላሸት የቡችላውን ቁጥር ብዙም አይነካም። ውሻው ሲያዝ የተያዘበት ቦታ በትክክል ይጻፋል። ትልቅ ውሻ ከቀዶ ሕክምና በፊት ሌሊቱን ምግብ አይሰጠውም፤ ቡችላ ግን ስኳሩ እንዳይወርድ ለአጭር ሰዓት ብቻ ይጾማል። እንቁልጢና ማህፀን ከወጡ በኋላ ቆዳው የሚሟሟ ክር ተጠቅሞ ከውስጥ ይሰፋል፤ ክር ለማስወጣት የጎዳና ውሻን ዳግመኛ የሚይዝ የለምና። እንቅልፍ ላይ እያለ የጆሮው ጫፍ ይቆረጣል ወይም ይሸነቆራል፤ ያንን ያየ ያዥ ዳግም አይዘውም። ብዙ ሞት የሚደርሰው ቢላዋው ላይ ሳይሆን ከዚያ በኋላ፣ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ በመተኛት ሙቀቱ ሲወርድ ነው፤ ብርድ ልብስና በየ15 ደቂቃው የሚያይ ሰው ያድነዋል። ውሻው የሚመለሰው ወደተያዘበት ቦታ ነው። ሌላ ሠፈር ከተጣለ የሠፈሩ ውሾች ይነክሱታል፣ እሱም ሊመለስ ሲሞክር በመኪና ይገጫል።

ለድመቶችም አሠራሩ ተመሳሳይ ነው፤ የሚያዙት ግን በወጥመድ ሣጥን ነው።

መጠለያ

መጠለያ የሚያስፈልገው ቦታ በቀን የሚገባው ውሻ በሚቆይበት ቀን ተባዝቶ ይገኛል። በቀን 10 ቢገባና በአማካይ 12 ቀን ቢቆይ 120 ክፍል ይበቃል፤ ቆይታው ወደ 15 ቀን ከፍ ቢል 150 ይጠይቃል። ስለዚህ ግንብ ከመጨመር ይልቅ ባለቤትን ቶሎ መፈለግ ይረክሳል፤ ከውሻው ቆዳ ሥር የሚገባው ባለ 15 አኃዝ መለያ፣ ማይክሮቺፕ፣ የሚጠቅመውም እዚህ ነው፣ ስልኩ በመዝገቡ ላይ ከታደሰ። የመጠለያ ትልቁ ጠላት ውሾችን በተቅማጥ የሚገድለው ፓርቮ ቫይረስ ነው። በረኪና አንዱን በ30 ውሃ በጥብጦ 10 ደቂቃ ማቆየት ይገድለዋል፤ ሰገራው በሳሙና ሳይታጠብ ከተረጨ ግን በረኪናው ሥራውን ሳይሠራ ያልቃል።

የሕግ ክርክር

ጣሊያን በ1991 ባወጣችው ሕግ ቁጥር 281 ጤነኛ የጎዳና ውሻ መግደል ከለከለች። ቱርክ በ2004 ሕግ ቁጥር 5199 አምክኖ ወደ ቦታው መመለስን ደነገገች፤ በሐምሌ 2024 ግን ማሻሻያው ማዘጋጃ ቤቶች ውሾችን ሰብስበው መጠለያ እንዲያስገቡ አዘዘ፣ መጠለያ ለመሥራትም እስከ 2028 ጊዜ ሰጠ። ደጋፊዎቹ የተነከሱ ሕፃናትን፣ ተቃዋሚዎቹ በመጠለያ ስም የሚመጣውን ግድያ ያነሳሉ። በህንድም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በነሐሴ 11 ቀን 2025 የዴልሂ ውሾች በሙሉ ወደ መጠለያ ይግቡ ብሎ ነበር፤ በዚያው ወር በ22 ቀን አሻሽሎ፣ ካበዱትና ከአጥቂዎቹ በስተቀር ተከትበውና መክነው ወደየሠፈራቸው ይመለሱ አለ፤ መንገድ ላይ መመገብን ከልክሎም ለዚህ የተለየ ቦታ ይዘጋጅ ሲል አዘዘ።